ምላሴ ላንቃዬ ላይ ማረፍ የለመደው እንዲህ ነው

አፌን ስዘጋ ምላሴ በሙሉ ላንቃዬ (የአፌ ጣሪያ) ላይ እንዲያርፍ ስለማመድ፣ ጫፉ ላንቃዬን ይነካል፤ የኋላው ክፍል ግን ቶሎ ይወርድብኝ ነበር። መላ የሆነኝ አንድ ድምፅ ነው። “ባንክ” በሉና “ክ” ላይ ሳትደርሱ ቁሙ። የምላሳችሁ ኋላ ሽቅብ ሲነሳ ይሰማችኋል። እዚያው አቆዩትና ምራቅ ዋጥ አድርጉ፤ የቀረውም ላንቃው ላይ ይለጠፋል። ይህን ስሜት ካገኛችሁት ትልቁ ሥራ አለቀ።

ጫፉ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ይረፍ። ጥርሶቹን ግን አይግፋ፤ የማያቋርጥ ግፊት ጥርስ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ከንፈር ይገጠም፣ መንጋጋ ዘና ይበል።

አፍንጫዬ የታፈነ ቀን አፌ ይከፈታል፣ ምላሴም ይወርዳል። ስለዚህ በአፍንጫ መተንፈስ ካቃታችሁ መጀመሪያ እሱን ታከሙ። ከምላስ ሥር ያለው ክር አጥሮ ከያዛችሁም በልምምድ ብቻ አትታገሉ፤ ለሐኪም አሳዩት።