የሙዚቃ ውል ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን አንቀጾች ፈልጉ

ሙዚቀኛ ሲቸግረው ሰው ቶሎ የሚለው "ገንዘቡን በትኖት ነው" ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። አብዛኛው ጣጣ የሚጀምረው ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት፣ ፊርማው ላይ ነው። የአሜሪካው የሙዚቃ ቡድን የቲኤልሲ ሦስቱ ሴቶች አልበማቸው በሚሊዮኖች እየተሸጠ እ.ኤ.አ. በ1995 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፍርድ ቤት ሄደው ኪሳራ አውጀዋል። እና ከሙዚቃ ኩባንያ ውል ሲመጣላችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ቶሎ አትፈርሙ። ወረቀቱን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

መጀመሪያ ይህን ለዩ። አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። ግጥሙና ዜማው አንድ፣ የተቀረጸው ድምፅ ማለትም ማስተሩ ደግሞ ሌላ። ባለቤታቸውም ሊለያይ ይችላል። የቴይለር ስዊፍት የመጀመሪያዎቹ ስድስት አልበሞች ማስተር በ2019 ያለ ፍላጎቷ ለሌላ ሰው ተሸጠ። ዘፈኖቹን ራሷ ስለምትጽፍና ውሏ ላይ የነበረው "እንደገና አትቅረጪ" የሚለው ክልከላ ጊዜው ስላለፈ፣ ከ2021 ጀምሮ አራቱን አልበሞች እንደ አዲስ ቀርጻ አወጣቻቸው። ዋናዎቹን ማስተሮች መልሳ የገዛችው በ2025 ነው። እናንተም ያንን ክልከላ ፈልጉት። ስንት ዓመት ይላል?

"ለዘላለም" የሚል ቃል ካያችሁ ደግሞ እዚያው ቁሙ። ደቡብ አፍሪካዊው ሰለሞን ሊንዳ በ1939 የቀረጸው ዘፈን ዓለምን ዞሯል። እሱ ግን መብቱን የሸጠው በ10 ሽልንግ ነበር፤ በ1962 በድህነት ሞተ። ቤተሰቡ ከስምምነት ደርሶ ክፍያ ያገኘው በ2006 ነው። ማስተርን ሸጦ ከመገላገል ይልቅ ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ መስጠት ይቻላል። ጠይቁ። ቢበዛ እምቢ ይሏችኋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ደረስን፤ ቅድሚያ ክፍያው። ይህ ገንዘብ ስጦታ አይደለም። ከእናንተ ድርሻ እየተቆረጠ የሚመለስ ነው። በቁጥር እንየው። 50,000 ዶላር ቅድሚያ ወሰዳችሁ፣ ድርሻችሁ ደግሞ 15 በመቶ ነው እንበል። ሥራው 200,000 ዶላር አስገባ። የእናንተ 30,000 ይሆናል፤ እሱም እጃችሁ አይገባም፣ ለቅድሚያው ማካካሻ ይሄዳል። ኩባንያው የሰጣችሁን አራት እጥፍ ሰብስቦ፣ እናንተ ግን በወረቀቱ ላይ ገና የ20,000 ባለዕዳ ናችሁ። የስቱዲዮ ኪራይና የቪዲዮ ክሊፕ ወጪ በእናንተ ስም ከተጻፈማ ዕዳው እያበጠ ይሄዳል። ስለዚህ የትኛው ወጪ ከእናንተ እንደሚቆረጥ በዝርዝር ይጻፍ። ከተወሰነ መጠን በላይ ሲሆን ሳትፈቅዱ እንዳይወጣም አስገቡበት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሥራን አፍኖ ማስቀመጥ ነው። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ሬይ በ2014 የአራት አልበም ውል ፈርማ፣ እስከ 2021 አንድም አልበም እንድታወጣ እንዳልተፈቀደላት በአደባባይ ተናገረች። ከኩባንያው ተለይታ በ2023 በራሷ አልበም አወጣች፤ በ2024 በአንድ ምሽት የእንግሊዝ ትልቁ የሙዚቃ ሽልማት ከሆነው ከብሪት ስድስት ሽልማት ወሰደች። ያ ሁሉ ችሎታ ሰባት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ነበር። ውላችሁ ላይ እንዲህ የሚል ይኑር፦ ሥራውን ካስረከብኩ በኋላ ይህን ያህል ወር ውስጥ ካልወጣ፣ ዘፈኖቼን ይዤ እወጣለሁ። ወሩ በቁጥር ይጻፍ፤ "በተገቢው ጊዜ" የሚባል ነገር አትቀበሉ።

እህቶች፣ ይሄኛው በተለይ ለእናንተ ነው። ከአንድ ፕሮዲዩሰር ጋር ብቻ ትሠሪያለሽ የሚል አንቀጽ ካለ አስወጡት። ስቱዲዮ ሌሊት የሚሠራበት፣ በሩ የሚዘጋበት ቦታ ነው፤ የሚያስቸግር ሰው ቢያጋጥም መሄጃ ሊኖራችሁ ይገባል። የምታምኑትን ሰው ይዞ መግባትም መብታችሁ ይሁን። "ስለ ኩባንያው ክፉ አልናገርም" የሚለው ቃል ጥቃትን ማሳወቅን እንደማይከለክል በግልጽ ይጻፍ። የጤና መድንንም ለመጠየቅ አትፈሩ። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ቻፔል ሮን በ2025 የግራሚ መድረክ ላይ ሽልማቷን ይዛ የጠየቀችው ይህንኑ ነው፤ ለሙዚቀኞች የሚያኖር ክፍያና የጤና መድን።

ከኩባንያ ጋር ብቻ አይደለም፣ ከጓደኛም ጋር ጻፉ። ዘፈኑ በተሠራበት ቀን፣ ገና ከስቱዲዮ ሳትወጡ፣ አንድ ወረቀት ላይ የዘፈኑን ስም፣ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን መቶኛውን፣ ቀኑንና ፊርማውን አስፍሩ። መቶኛው ተደምሮ 100 ይምጣ። በስልክ ፎቶ አንሱትና ለሁሉም ላኩ። ዘፈኑ ከወጣለት በኋላ ሁሉም የሚያስታውሰው ለየቅል ነው፤ ስንቱ ወንድማማችነት የፈረሰው በዚህ ነው።

ጠበቃው የእናንተ ይሁን። ኩባንያው ወይም ማናጀሩ "የኛ ሰው ያየዋል" ካለ፣ ያ ሰው የነሱ ነው። ለአንድ ቀን ምክር የሚከፈለው ገንዘብ ቢከብድም ተበድራችሁም ቢሆን ክፈሉ።

በመጨረሻ ሒሳብ የማስመርመር መብት መኖሩን እዩ። ብዙ ውሎች ለተቃውሞ የጊዜ ገደብ አላቸው፤ ካለፈ ቁጥሩን እንደተቀበላችሁ ይቆጠራል። ስለዚህ የሒሳብ መግለጫ በመጣ ቁጥር የደረሳችሁበትን ቀን ጻፉበት፣ ገደቡ የሚያልቅበትን ቀን ደግሞ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ።