የሊፖ ባትሪ አያያዝ፦ ሴል በሴል መለካት፣ ቻርጅ ማድረግ፣ ማስቀመጥ

ለድሮን ወይም ለሪሞት መኪና የሚሆን ባለ 3 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ፣ ማለትም ሦስት ትንንሽ ባትሪዎች በተርታ የተያያዙበት፣ ዋናው ሶኬቱ ላይ ሲለካ 11.4 ቮልት አሳየ እንበል። ለሦስት ሲካፈል 3.8 ይመጣል፤ ጤነኛ ይመስላል። ግን ሁለቱ ሴሎች 3.95 ላይ ሆነው ሦስተኛው 3.5 ላይ ቢሆንም ድምሩ ያው 11.4 ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ሥራ ላይ ሲውል ደካማው ሴል ቀድሞ ይሟጠጣል፤ የሁለቱ ጉልበት ግን ሞተሩን ማዞሩን ስለሚቀጥል ምንም ነገር አይታወቅም። የሚታወቀው ሴሉ ካበጠ በኋላ ነው። ስለዚህ በሊፖ ድምርን አትመኑ፤ ሁልጊዜ የእያንዳንዱን ሴል ቁጥር እዩ።

የአንድ ሴል ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ ሙሉ ሲሆን 4.20 ቮልት፣ ለማስቀመጥ ከ3.80 እስከ 3.85፣ ሥራ ጨርሶ ካረፈ በኋላ 3.7 አካባቢ። ሞተር እየጎተተው እያለ ከ3.3 በታች እንዲወርድ አትፍቀዱ፤ ከ3.0 በታች ከገባ ጉዳት ጀምሯል። ከ4.20 ሲያልፍ ውስጡ ያለው ኬሚካል እየፈረሰ ጋዝ ያወጣል፣ ሴሉ ይነፋል፣ ይግላል፤ ሙቀቱ ራሱን በራሱ ማባባስ ከጀመረ እሳት ነው። በጣም ሲሟጠጥ ደግሞ ውስጡ ያለው ስስ የመዳብ ወረቀት መሟሟት ይጀምራል። የሟሟው መዳብ እንደገና ቻርጅ ሲደረግ ባልሆነ ቦታ ይጋገርና ከውስጥ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። እስከ ዜሮ የወረደን ባትሪ በኒኬል ባትሪ ሞድ “ቀስቅሶ” መመለስ የሚባለው ብልሃት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አትሞክሩት።

መለካት

መልቲሜትሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉ። ከመንካታችሁ በፊት ቀዩ ፕሮብ የተሰካው ቮልት መለኪያው ቀዳዳ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። 10 አምፔር በሚለው ቀዳዳ ከተሰካ መልቲሜትሩ ራሱ እንደ ተራ ሽቦ ሆኖ ባትሪውን ሾርት ያደርገዋል። የፕሮቦቹን ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ አስቀርታችሁ የቀረውን በናስትሮ ጠቅልሉ፤ የባላንስ ሶኬቱ (ከየሴሉ ቀጫጭን ሽቦ የሚመጣበት ትንሹ ሶኬት) ፒኖች በጣም ስለሚቀራረቡ ትንሽ መንሸራተት ሁለቱን ያገናኛል።

ባለ 3 ሴል ባትሪ ባላንስ ሶኬቱ ላይ 4 ሽቦ አለው፤ ሽቦው ሁልጊዜ ከሴሉ በአንድ ይበልጣል። ጥቁሩን ፕሮብ ዳር ላይ ካለው ጥቁር ሽቦ ሳታነቃንቁ ቀዩን ብቻ ወደሚቀጥሉት ፒኖች በየተራ አሳልፉ። ለምሳሌ 3.84፣ ከዚያ 7.69፣ ከዚያ 11.52 ካነበባችሁ እየቀነሳችሁ ስትሄዱ ሴሎቹ 3.84፣ 3.85 እና 3.83 ናቸው። ሁለቱንም ፕሮብ እያንቀሳቀሱ ከመለካት ይህ ይሻላል፤ የሚንሸራተተው እጅ አንድ ብቻ ይሆናል።

ከሥራ የወጣን ባትሪ ወዲያው አትለኩ። ጭነቱ ሲነሳ ቮልቱ ራሱ ወደ ላይ ስለሚመለስ 30 ደቂቃ ያህል ይረፍ። ካረፈ በኋላ በሴሎቹ መካከል 0.02 ቮልት ልዩነት ቢኖር አያሳስብም። ከ0.1 ካለፈ ግን ያንን ሴል ምልክት አድርጉበት። ባላንስ ተደርጎ፣ ማለትም የሴሎቹ ቮልት በቻርጀሩ እኩል ሆኖ፣ ከተስተካከለ በኋላ ያው ሴል በሚቀጥለውም ዙር ወደ ኋላ ከቀረ እያረጀ ያለው እሱ ነው። ሳይነካ ለሳምንት ተቀምጦ አንዱ ሴል ብቻ ቢወርድ ደግሞ ይበልጥ ከባድ ምልክት ነው፤ ውስጡ ኤሌክትሪክ እየሾለከ ነው ማለት ስለሆነ ያ ባትሪ ዳግመኛ ቻርጅ መደረግ የለበትም።

ቻርጀራችሁ የውስጥ ሬዚስታንስ (ሴሉ ራሱ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያደርገውን ተቃውሞ) የሚለካ ከሆነ የየሴሉን ቁጥር ከቀኑ ጋር ጻፉት። አንድ ሴል 10 ሚሊ ኦም ቢኖረው በ20 አምፔር ላይ 0.2 ቮልት ይጥላል፣ 4 ዋት ሙቀትም ያመነጫል። ቅዝቃዜ ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርገው የምታወዳድሩት በተመሳሳይ የክፍል ሙቀት የተለካውን ብቻ ይሁን።

ቻርጅ ማድረግ

የቻርጅ አምፔር የሚወሰነው በባትሪው አቅም ነው። 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ በ2.2 አምፔር ይሞላል፤ 1ሲ የሚባለው ይህ ነው። ባትሪው ላይ በትልቁ የተጻፈው 30ሲ ወይም 50ሲ የሚያወጣውን እንጂ የሚገባውን አይናገርም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አምራቹ ከዚያ በላይ ቢፈቅድም 1ሲ ዕድሜውን ያራዝማል።

በመጀመሪያ የቻርጀሩን ገመድ ቻርጀሩ ላይ ሰኩ፣ ባትሪውን የምታገናኙት ከዚያ በኋላ ነው፤ ስትነቅሉ ባትሪው ይቅደም። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ባትሪው ላይ የተንጠለጠሉት ሁለት ራቁት ጫፎች ተነካክተው ይተኩሳሉ። ከዚያ የባላንስ ሶኬቱን ሰኩ። ሞዱ ሊፖ መሆኑን፣ የሴል ብዛቱም ባትሪው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ሊፖ ኤችቪ የሚባለው ሞድ እስከ 4.35 ቮልት ስለሚሞላ ተራ ሊፖን በእሱ መሙላት እያወቁ ከልክ በላይ መሙላት ነው። የምትጠቀሙት ባላንስ ቻርጅ የሚለውን ይሁን፤ እያንዳንዱን ሴል ለብቻው የሚቆጣጠር እሱ ነው።

ቻርጀሩ 4.20 እስኪደርስ አምፔሩን እኩል ይዞ ይሄዳል፣ ከዚያ ቮልቱን ይዞ አምፔሩን ይቀንሳል። መጨረሻው ላይ የሚዘገየው ለዚህ ነው፤ ባላንሱም ጊዜ ይወስዳል። ባትሪው በሴራሚክ ወይም በሲሚንቶ ላይ፣ ከመጋረጃና ከወረቀት ርቆ ይቀመጥ። ክፍሉን ለቅቃችሁ አትሂዱ፣ ተኝታችሁም አታድሩበት። በየጥቂት ደቂቃው በእጅ ዳስሱት፤ በ1ሲ ጤነኛ ባትሪ ከለብ አያልፍም። ሲሞቅ ወይም ሲነፋ ካያችሁ አቁሙ። ከበረዶ ነጥብ በታች የቀዘቀዘን ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ሊቲየሙ ወደ ቦታው ሳይገባ በላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል። መጀመሪያ ወደ ክፍል ሙቀት ይመለስ።

ሲያልቅ ቻርጀሩ የመለሰውን ሚሊ አምፔር ሰዓት ተመልከቱ። ለ2200 ባትሪ እስከ 1760 ድረስ ጥሩ ነው፤ ከአቅሙ 80 በመቶ ማለት ነው። 2000 ከገባበት ባለፈው ጊዜ ከልክ በላይ አውርዳችሁታል፤ በአንድ ዙር የምትጠቀሙበትን ደቂቃ አሳጥሩ።

ማስቀመጥ

ሙሉ ሆኖ ለቀናት የተቀመጠ ሊፖ ሳይሠራ ያረጃል። ነገ የማትጠቀሙበት ከሆነ በቻርጀሩ ስቶሬጅ ሞድ እያንዳንዱን ሴል 3.80 እስከ 3.85 አድርሱት፤ ሞዱ ከላይም ከታችም ወደዚያው ያመጣዋል። ሳጥኑ ከብረት ይሁን፣ ግን አየር እንዳያስወጣ ተደርጎ አይታሸግ፤ የታፈነ ጋዝ ሳጥኑን ራሱን ያፈነዳዋል። ሶኬቶቹ እንዳይነካኩ ይሸፈኑ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። በየሁለት ወሩ ሴሎቹን ለኩ። ባትሪውን ከመሣሪያው ነቅላችሁ አስቀምጡ፤ ስዊቹ ቢጠፋም ትንሽ ትንሽ የሚጠጣ ሰርኪዩት አለ፣ ብዙ ባትሪ የሚሞተው በዚሁ ነው።

ሲበላሽ

ከተጋጨ በኋላ ጠባሳ ወይም መታጠፍ ያለበት ባትሪ ጉዳቱ ዘግይቶ ሊነሳ ስለሚችል ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ውጭ ይቆይ። ጣፋጭ የሚመስል የቀለም ማቅጠኛ ዓይነት ሽታ ካለው ሴሉ ተቀዷል። ያበጠን ባትሪ አትብሱት፣ አትጫኑት።

ያበጠ ግን ያልተቀደደ ባለ 3 ሴል ባትሪ ከመወገዱ በፊት ውጭ፣ የሚነድ ነገር በሌለበት፣ በ12 ቮልት 21 ዋት የመኪና አምፖል ይሟጠጥ፤ አምፖሉ የሚስበው ከ2 አምፔር ያነሰ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ብርሃኑ ከጠፋ በኋላም ለአንድ ቀን እንደተገናኘ ተዉት። ከዚያ ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍናችሁ የሊቲየም ባትሪ ለሚሰበስብ አስረክቡ። ጨው ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ የሚባለው ዘዴ ብዙ ጊዜ የሚበላው የሶኬቱን ብረት ነው፤ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ውስጡ ቻርጁን እንደያዘ ይቀራል። ሽቦ ስትቆርጡም አንድ በአንድ ቁረጡ፤ ሁለቱን ባንዴ የነከሰ መቁረጫ ሾርት ነው።

እሳት ከተነሳ ጭሱን አትተንፍሱ፤ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባል ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ አለበት። የቻርጀሩን ኃይል ማጥፋት የሚቻለው ከጭሱ ርቆ ከሆነ አጥፉ፣ ሰው ይውጣ፣ የእሳት አደጋ ይጠራ። ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ ብዙ ውሃ ሴሎቹን ያቀዘቅዛል፣ ወደ ቀጣዩ ሴል መዛመቱንም ይገታል። ደረቅ አሸዋ ነበልባሉ እንዳይዛመት ይከልላል እንጂ ውስጡን አያቀዘቅዝም፤ እሳቱ የጠፋ መስሎ ከቆየ በኋላ እንደገና ሊነሳ ስለሚችል ቅሪቱ ለሰዓታት ውጭ ይጠበቅ።