ለማንኮራፋት ባትሪ ከማስቀበራችሁ በፊት

አጎቴ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ጎንደር መተማ ይመላለሳል። እኛ ቤት ካደረ ሌላው ሰው አይተኛም። ባለፈው አሜሪካ ያለችው ልጁ ደውላ "አባዬ፣ ደረት ውስጥ የምትቀመጥ፣ ማንኮራፋት የምታስቆም ባትሪ አለች፤ ና እና እናስገባልህ" አለችው። "እኔ ሬዲዮ ነኝ እንዴ?" ብሎ ሳቀባት። መሣሪያዋ ግን የምር አለች። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳገላብጥ ከረምኩ፤ ተራውን ለዘለለ ሰው ጣጣው ብዙ ስለሆነ የገባኝን በተራ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ማታ ይቀረጽ። የሚያንኮራፋ ሰው ራሱን አይሰማም፤ ብትነግሩትም "እኔ?" ብሎ ይቆጣል። አንድ ሌሊት ስልኬን ትራሱ አጠገብ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ያንኮራፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ጭጭ። ሆዱ ይነሣል ይወድቃል፣ ትንፋሽ ግን የለም። መቁጠር ጀመርኩ፤ 23 ላይ ስደርስ ውኃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ሰው በኃይል ተነፈሰና ተገላበጠ። ጠዋት ስጠይቀው "ደህና ተኝቻለሁ" አለኝ።

የሆነው ይሄ ነው። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፣ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ የአየር መንገዱ ይዘጋል። ኦክስጅን ሲወርድ አንጎል ደንግጦ ለቅጽበት ይቀሰቅሰናል። ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየ መቋረጥ ይቆጠራል። በሰዓት ከ5 እስከ 15 ከሆነ ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ቁጥሩ የሚታወቀው ግን በእንቅልፍ ምርመራ እንጂ በእኔ ስልክ አይደለም። ቪዲዮውን ይዛችሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ቦታ የውስጥ ደዌ ወይም የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱና ምርመራው የት እንደሚሠራ ጠይቁ። ቀን ቀን ማንቀላፋት፣ የጠዋት ራስ ምታት፣ በመድኃኒት አልወርድ ያለ ደም ግፊት ካለ አትደብቁ።

ቀጥሎ ሲፓፕ። በማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳድር ማሽን ነው። ብዙ ሰው ሦስት ቀን ሞክሮ "አፈነኝ" ብሎ ይጥለዋል፤ ይሄ ሙከራ አይባልም። ማስኩ ልክ ካልሆነ ይቀየራል፣ አፍንጫ ካደረቀ አየሩን የሚያረጥብ አለው። ለእኛ ትልቁ ራስ ምታት መብራት ነው፤ ሌሊት ሲጠፋ ማሽኑም አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ ስትገዙ የመጠባበቂያ ባትሪ ነገር አብራችሁ አስቡ። ማታ ማታ አረቄ መተው እና ኪሎ መቀነስም ከሕክምናው ይቆጠራል።

ሲፓፕ በትክክል ተሞክሮ ካልሆነ ነው ወደ ባትሪዋ የሚኬደው። ቀኝ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ትቀመጣለች፤ ከእሷ የሚነሣ ቀጭን ሽቦ አገጭ ሥር ምላስን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ይይዛል። ትንፋሻችሁን ታዳምጥና ወደ ውስጥ ስትስቡ ነርቩን ቆንጠጥ ታደርገዋለች፣ ምላስም ወደ ፊት ይወጣል። ማታ በሪሞት ታበራላችሁ፣ ጠዋት ታጠፋላችሁ። ኢንስፓየር የምትባለው አሜሪካ ውስጥ በ2014 እ.ኤ.አ. ፈቃድ አገኘች። በዚያው ዓመት በወጣው የ126 ሰዎች ጥናት፣ በሰዓት የሚቋረጠው ትንፋሽ በዓመት ውስጥ ከ29.3 ወደ 9 ወርዷል። ዜሮ አልገባም፤ ልብ በሉ። በ2025 ደግሞ ጄኒዮ የምትባል ፈቃድ አግኝታለች፤ እሷ ደረት ውስጥ ባትሪ የላትም፣ ማታ አገጭ ሥር በምትለጠፍ ነገር ትሠራለች።

ለሁሉም ግን አትሆንም። ችግሩ መካከለኛ ወይም ከባድ መሆን አለበት፤ ውፍረቱ በጣም ከበዛ አይመከርም፤ ትንፋሹ የሚቆመው በጉሮሮ መዘጋት ሳይሆን አንጎል ማዘዝ ስለሚረሳ ከሆነም ምላስ መግፋት ፋይዳ የለውም። ለኢንስፓየር ደግሞ አስቀድሞ የሚታይ ነገር አለ፤ በቀላል ማደንዘዣ አስተኝተው በአፍንጫ በኩል ካሜራ ያስገባሉ፣ ላንቃው እንደ ከረጢት አፍ ዙሪያውን ጭምድድ ብሎ የሚዘጋ ከሆነ ብዙ ጊዜ "አይሆንህም" ይባላል። ይህን ሳያዩ "እንቅበርልህ" የሚል ካጋጠማችሁ ተነሡና ውጡ።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ጥቂት ሰዓት ነው፤ ብዙዎች በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤታቸው ይገባሉ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ መሣሪያዋ ያን ቀን አትበራም። ቁስሉ እስኪድን አንድ ወር ገደማ ይጠበቃል፣ ከዚያ ትከፈታለች፣ ኃይሏ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመራል፣ በኋላም እንደገና ተኝቶ መመርመር አለ። ምላስ ሊዝል፣ ከጥርስ ጋር ሊፋተግ ይችላል፤ ያንን የሚያስተካክለው ሐኪም በኮምፒውተር ነው። ባትሪዋ 11 ዓመት ገደማ ትሠራና በሌላ ቀዶ ትቀየራለች። ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ወደ ጎንደር የተመለሰ ሰው እንግዲህ ደረቱ ውስጥ የጠፋ ብረት ይዞ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ ትኬት ሳይቆረጥ ጠይቁ፦ ማን ይከፍትልኛል? እዚህ ሆኜ ማን ያስተካክልልኛል? ቁስሉ ቢያመረቅዝስ? ሪሞቱ ቢጠፋስ? ኤምአርአይ የሚባለው በማግኔት የሚነሣ ምርመራ ቢታዘዝልኝስ?

አጎቴ ገና ምርመራው ላይ ነው። ባለፈው አይከል አካባቢ መሪ ላይ እንቅልፍ ጥሎት ረዳቱ ነው ያዳነው፤ ስለዚህ ውጤቱ ወጥቶ ሕክምና እስኪጀምር መኪናውን ወንድ ልጁ ይዞታል፣ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ሚስቱ ደግሞ በጀርባው እንዳይተኛ ብላ የካልሲ ኳስ ሠርታ ሹራቡ ጀርባ ላይ ሰፍታለታለች። ሌሊት ሲገላበጥ ይወጋውና እየተራገመ ወደ ጎኑ ይመለሳል።