ሜሪላንድ ውስጥ ከስቴት ተወካዮቻችን ጋር ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜሪላንድ ያለን ሐበሾች ከስቴት ተወካዮቻችን ጋር የተነሳነው ፎቶ ሞልቷል። ዴሌጌቱ (የስቴቱ የታችኛው ምክር ቤት ተወካይ) በእንቁጣጣሽ ይመጣል፣ ጋቢ ይደረብለታል፣ ክትፎ ይቀምሳል፣ "አመሰግናለሁ" የምትለዋን ቃል አጣሞ ይናገራል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። ከዚያ ይሄዳል። "ምን ጠየቃችሁት?" ብትሏቸው አዘጋጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። እንግዳ ጠርቶ ጉዳይ ማንሳት ነውር ይመስለናል። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ተወካዩን እንደ ባለሥልጣን እናከብረዋለን፣ ግን አናሠራውም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመጡ ናቸው።

የማን ሥራ እንደሆነ ሳያጣሩ መሄድ

የእህት ቪዛ ዘገየ፣ ግሪን ካርድ ጠፋ፣ የአሳይለም ቀጠሮ ተራዘመ ብሎ ወደ ዴሌጌት ቢሮ የሚደውል ሰው ብዙ ነው። ይሄ የፌዴራል ጉዳይ ነው። የሚነገረው ለኮንግረስ ተወካይ ቢሮ ነው። የስቴት ዴሌጌት ቢበዛ ስልክ ቁጥሩን ይሰጣችሁና በትህትና ይሸኛችኋል።

የአገር ቤት ፖለቲካም እንደዚሁ ነው። ማዕቀብ፣ እርዳታ፣ የውጭ ጉዳይ የሚወሰነው ዋሽንግተን ነው እንጂ የስቴቱ ምክር ቤት ያለበት አናፖሊስ አይደለም። የስቴት ምክር ቤት ማድረግ የሚችለው ቢበዛ የአቋም መግለጫ ማውጣት ነው። ወረቀቱ ፍሬም ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ በቃ። ከአንድ ተወካይ ጋር በዓመት አንዴ የምትገኝን ግማሽ ሰዓት በዚህ ጨርሶ መውጣት ያናድዳል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ስለ ሕፃናት መዋያ ፈቃድ፣ ስለ ነርስ ላይሰንስ፣ ስለ መኪና ኢንሹራንስ፣ ስለ ሜዲኬይድ ማውራት ይቻል ነበር። የዴሌጌቱ እጅ የሚደርሰው እዚያ ነው።

ወደ ታች ስንወርድ ደግሞ ካውንቲ አለ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚደናገረው። ለምሳሌ ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የለውም። በሕግ ራሱን የቻለ ከተማ ስላልሆነ የሚተዳደረው በሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ጎረቤቱ ታኮማ ፓርክ ግን ከንቲባ አለው። ጆርጂያ አቬኑና ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ የስቴት መንገዶች ናቸው። እዚያ መብራት ወይም የእግረኛ መሻገሪያ ከፈለጋችሁ ዴሌጌታችሁ ለስቴቱ የመንገድ አስተዳደር ደብዳቤ ቢጽፍ ክብደት አለው። ከጆርጂያ ትንሽ ገባ ብላችሁ ፌንተን ስትሪት ላይ ጎማችሁን የቀደደው ጉድጓድ ግን የካውንቲው ነው። እሱን በካውንቲው የአገልግሎት ስልክ 311 ደውላችሁ ማስመዝገብ ነው።

ኪራይም ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው። ሞንትጎመሪ ውስጥ በሕጉ በሚሸፈኑ አፓርታማዎች አከራይ በዓመት የሚጨምረው ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ የሚገድበው የካውንቲው ካውንስል በ2023 ያጸደቀው ሕግ ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ በሚፈረም ውል በአብዛኛው ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ዲፖዚት (መያዣ) መጠየቅ የሚከለክለው ግን የስቴቱ ሕግ ነው። ስለዚህ "ኪራይ ጨመሩብን" የሚል ሰው ካውንስሉ ጋ ይሂድ። "ዲፖዚት አበዙብን" የሚል ዴሌጌቱ ጋ ይሂድ።

የራስን ዲስትሪክት አለማወቅ

ስቴቱ በ47 ዲስትሪክት ተከፍሏል። እያንዳንዱ አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሌጌቶች አሉት። አንዳንድ ዲስትሪክቶች ውስጣቸውም እንደገና ይከፈላል። በአብዛኛው ቦታ ግን አንድ ቤተሰብ አራት ተወካይ አለው ማለት ነው። አንዱ መልስ ካልሰጣችሁ ሌሎች ሦስት አሉ።

ደብዳቤያችሁ ላይ "ሲልቨር ስፕሪንግ" ስለተጻፈ ብቻ ከጎረቤታችሁ ጋር አንድ ዲስትሪክት ናችሁ ማለት አይደለም። አካባቢው በ18፣ በ19፣ በ20 እና በሌሎችም ዲስትሪክቶች መካከል የተከፋፈለ ነው። የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የቤት አድራሻችሁን አስገቡ፣ ስማቸውን ያወጣላችኋል። ኢሜል ስትጽፉም የመጀመሪያው መስመር ላይ የምትኖሩበትን አድራሻ አድርጉ። ቢሮው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የዲስትሪክቱ ሰው ካልሆናችሁ ተራችሁ ወደ ኋላ ይሄዳል።

"የእኛን ሰው እንጠይቅ" የሚለውም እዚሁ ይገባል። ሳምራ ብሩክ አባቷ ከኢትዮጵያ የመጡ ሴናተር ናቸው፤ በ2020 ነው የተመረጡት። ግን ኒው ዮርክ ስቴት ውስጥ የሮቸስተርን አካባቢ ነው የሚወክሉት። ልንኮራባቸው እንችላለን። እዚህ ሞንትጎመሪ ያለው የዊተን መንገድ ግን አይመለከታቸውም።

በፌብሩዋሪ መንቃት

የሜሪላንድ ምክር ቤት የሚሰበሰበው በዓመት 90 ቀን ብቻ ነው። በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይከፈታል፣ ኤፕሪል ላይ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። በነዚህ ቀናት ውስጥ ከ2,500 በላይ ቢሎች (የሕግ ረቂቆች) ይቀርባሉ። አንድ ዴሌጌት በየሳምንቱ የሚያነበውን ወረቀት አስቡት።

እኛ ግን የምንነቃው መቼ ነው? ጥምቀት አልፎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ኮሚቴ ተዋቅሮ፣ ፌብሩዋሪ ላይ "አንድ ቢል ቢወጣልን" ብለን እንደውላለን። በዚያን ጊዜ ቢል ለማስገባት የተቀመጠው ቀን ወይ አልፏል ወይ ሊያልፍ ነው። አንድ ቢል እንዲሁ በአንድ ጀምበር አይጻፍም። ዴሌጌቱ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ የሕግ አርቃቂዎች ይሰጣል፣ እነሱ ከነባሩ ሕግ ጋር አገናዝበው ይጽፉታል። ከዚያ ሌሎች ባለሙያዎች ቢሉ ለስቴቱ ስንት ብር እንደሚያስወጣ ተንትነው ያያይዛሉ። ይህቺ የወጪ ወረቀት ብዙ ጥሩ ሐሳብ ቀብራለች። ወጪው ከበዛ ኮሚቴው ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ ቀድሞ ከዴሌጌቱ ጋር ተቀምጦ "ይሄን እንዴት በትንሽ ወጪ እናድርገው?" ማለት ያዋጣል።

ጥሩው ጊዜ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ነው። ተወካዮቹ ወደ ሰፈራቸው ተመልሰዋል። አብዛኞቹ ሌላ ሥራም አላቸው፤ የሙሉ ጊዜ ፖለቲከኞች አይደሉም። ግን ቡና ቤት ቁጭ ብለው አንድ ሰዓት ሊያዳምጧችሁ ይችላሉ። ፌብሩዋሪ ላይ ብትሄዱ አሥራ አምስት ደቂቃ ኮሪደር ላይ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ሌላ ስቴት የምትኖሩ የራሳችሁን ስቴት የስብሰባ ጊዜ እዩ፣ ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም።

ሁለቱን ደቂቃ በሰላምታ መጨረስ

ቢሉ ቀረበ እንበል። ኮሚቴ ፊት ሂሪንግ (ሕዝብ የሚደመጥበት ስብሰባ) ይኖረዋል፤ ማንም ሰው መጥቶ መመስከር ይችላል። ግን በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍቶ ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ምዝገባው ሂሪንጉ ከመድረሱ በፊት ይዘጋል። አውቶቡስ ተከራይቶ አናፖሊስ ድረስ ሄዶ ሳይመዘገቡ መገኘት ለወንበር ማሞቂያ ነው።

የሚሰጣችሁ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ደቂቃ ግድም ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ደግሞ ንግግር ያውቁበታል። "የተከበሩ ሊቀመንበር፣ የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣ በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁን በማኅበራችን ስም..." ሲሉ አንድ ደቂቃ ሄደ። ስለ ሦስት ሺህ ዘመን ታሪካችን ሲጀምሩ ደወሉ ይጮኻል። ሊቀመንበሩ "እናመሰግናለን" ይላሉ። አለቀ።

ይልቅ እንዲህ ያለውን አስቡት። ስለ ዲፖዚት የቀረበ ቢል ነው እንበል፦

"ስሜ እገሌ ነው። የምኖረው ዲስትሪክት 20 ነው። ቢሉን እደግፋለሁ። ኪራያችን 1,900 ዶላር ነበር። ቁልፉን ለመቀበል የሁለት ወር ዲፖዚትና የመጀመሪያውን ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ተጠየቅን። 5,700 ዶላር። እኔ ማታ ማታ እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ሆቴል ውስጥ ታጸዳለች። ገንዘቡን ከዕቁብ አወጣነው፣ ለመመለስ አንድ ዓመት ፈጀብን። ዲፖዚቱ የአንድ ወር ቢሆን ኖሮ 1,900 ዶላር ይቀርልን ነበር። እባካችሁ ቢሉን አሳልፉት።"

ይሄ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ማነው፣ የት ነው የሚኖረው፣ ምን ደረሰበት፣ ምን ይፈልጋል፤ ሁሉም አለበት። ቁጥሩ የራሱ ቤት ቁጥር ስለሆነ ማንም አይከራከረውም። እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው ልጁ አግዛው በጽሑፍ ያስገባ። የጽሑፍ ምስክርነትም መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ የኮሚቴው አባላትም ያገኙታል። አንድ ዓይነት ደብዳቤ ሁለት መቶ ሰው ፈርሞ ከሚልክ አምስት ሰው በራሱ ቃል ቢጽፍ ይሻላል።

ደግሞ የራሳችሁን ዴሌጌት ብቻ አትያዙ። ቢሉን የያዘው ኮሚቴ ነው። ሊቀመንበሩ ድምፅ ካላሰጠ ቢሉ እዚያው ተኝቶ ይቀራል። የኮሚቴውን አባላት ስም አውጡና የማን ዲስትሪክት እንደሆነ እዩ። ቦዊ ወይም ፍሬድሪክ የሚኖር ዘመድ የሌለው ማን አለ? ያ ዘመዳችሁ ለራሱ ተወካይ ይደውል።

ረዳቱን መናቅ

"ዋናውን ሰው አገናኙኝ" ማለት እንወዳለን። የዴሌጌቱን ቀጠሮ የሚይዘው፣ የሥራ አጥ ክፍያችሁ ሲታገድ ወይም ኤምቪኤ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) ሲያመላልሳችሁ መሥሪያ ቤቱ ጋ ደውሎ የሚከታተለው ያ የሃያ አምስት ዓመት ረዳት ነው። ስሙን ያዙ። የጉዳይ ቁጥራችሁን፣ የደረሳችሁን ደብዳቤ ላኩለት። ጉዳዩ ሲያልቅ ምስጋና ጻፉለት።

በስብሰባ ጊዜ ቼክ መስጠት

ሜሪላንድ ውስጥ የምክር ቤት አባላት በ90ው ቀን ውስጥ የምርጫ መዋጮ መቀበል አይችሉም። ጥምቀትም አድዋም እዚያው ውስጥ ናቸው። በዓሉ ላይ ጠርታችሁ ፖስታ ብታቀብሉ ሰውየውን ታስደነግጡታላችሁ። ስጦታም በሥነ ምግባር ሕግ የተገደበ ነው። ከቀረጥ ነፃ የተመዘገቡ ማኅበራት ደግሞ አንድን ቢል ደግፎ ወይም ተቃውሞ በልኩ መናገር ይችላሉ፤ ለዕጩ መቀስቀስ ግን አይችሉም። ብዙ ማኅበር ይህን ሁለቱን አምታትቶ ጭራሽ ዝም ይላል።

ያለውን ገንዘብ አለመጠየቅ

ይሄኛው ያንገበግበኛል። የሜሪላንድ ሴናተሮችና ዴሌጌቶች በዲስትሪክታቸው ላሉ ተማሪዎች የሚሰጡት ስኮላርሺፕ አላቸው። አንዱ የሴናተር፣ ሌላው የዴሌጌት ይባላል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለሚማር ልጅም ይሆናል። የፋፍሳውን (FAFSA፣ የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ እርዳታ) ማመልከቻ እስከ ማርች 1 ማስገባት ያስፈልጋል። ከዚያ የየተወካዩ ቢሮ የራሱ ቅጽና የራሱ ቀን ሊኖረው ስለሚችል ለአራቱም ቢሮ ደውሎ መጠየቅ ነው። ስንት ቤተሰብ ሁለት ሥራ እየሠራ የልጁን ክፍያ ሲገፋ ይሄን ሳይሰማ ያልፋል።

ለማኅበሩ የሚሆንም አለ። ተወካዮች በየዓመቱ ለአካባቢ ድርጅቶች የግንባታ ገንዘብ ያስመድባሉ። ቤት ለመግዛት፣ ለማደስ፣ ለመሥራት ብቻ ነው የሚውለው። ለደመወዝ፣ ለድግስ አይሆንም። ለአምልኮ ቦታም አይሰጥም። አራት ማኅበር ለየብቻው አራት ወረቀት ይዞ ከሚሄድ አንድ የማኅበረሰብ ማዕከል ይዞ መሄድ የተሻለ ነው፤ ይሄን ማስማማት ግን ቢል ከማሳለፍም ሊከብድ ይችላል።

ሲወድቅ መጥፋት፣ ሲፈረም ማረፍ

ሜሪላንድ ውስጥ ያላለፈ ቢል ወደሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም። ኤፕሪል ላይ ሞተ ማለት ሞተ፤ በአዲስ ቁጥር እንደገና መጀመር አለበት። በመጀመሪያው ዓመት የሚወድቅ ብዙ ነው፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ የሚያልፍም ብዙ ነው። እኛ ከወደቀ በኋላ ቡድኑን እንበትናለን። አገረ ገዥው የፈረመበት ዕለት ደግሞ ነገ የሚሠራ ይመስለናል። በተለምዶ ሥራ ላይ የሚውለው ጁላይ 1 ወይም ኦክቶበር 1 ነው። ቢሉ ላይ ተጽፏል፣ ቀኑን አንብቡ፤ ከዚያ በፊት አከራይ ጋ ሄዳችሁ "ሕግ ወጥቷል" ብትሉ ትከራከራላችሁ እንጂ አታሸንፉም።

የወደቀባችሁ ከሆነ ሜይ ላይ ለዴሌጌቷ ቢሮ ደውሉና ማን እንደተቃወመ፣ ምን ቢስተካከል ድምፅ እንደሚሰጥ ጠይቁ። ጉዳዩ የካውንቲው ብቻ ከሆነ ደግሞ የሞንትጎመሪ ተወካዮች ምክር ቤቱ ከመከፈቱ በፊት፣ በፎል (መጸው) መጨረሻ ላይ፣ ስለ አካባቢ ቢሎች እዚሁ ካውንቲ ውስጥ ሕዝብ ያዳምጣሉ። አናፖሊስ ድረስ መንዳት የለም። ቀኑን ከረዳቱ ጠይቁ።