ከምንጭ ውስጥ «የዝሆን ጥርስ» ሲገኝ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጅማ ዙሪያ ምንጭ ብርቅ አይደለም። ምንጭ ማጎልበትም እንዲሁ። የምንጩ ዓይን ይቆፈራል፣ ጭቃው ይጠረጋል፣ ዙሪያው በድንጋይና በሲሚንቶ ይገነባል። በዚህ መሀል አንዳንዴ ጠመም ያለ፣ ጫፉ የሾለ፣ ከበድ ያለ ነገር ከዶማ ጋር ይጋጫል። ወዲያው «የዝሆን ጥርስ ነው!» ይባላል። ወሬው ሳይመሽ ገበያ ይደርሳል።

ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ስሙን መሳሳታችን አይደለም፤ ስም ነገም ይታረማል። በመጀመሪያው ቀን የተሰበረ፣ የተፋቀ ወይም ከቦታው የተነቀለ ነገር ግን አይመለስም። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ቶሎ ነቅሎ ማውጣት

ጫፉ ብቅ ሲል ሁሉም መጎተት ያምረዋል። እባካችሁ ተዉት። ለዘመናት ውሃ የጠጣ ጥርስ ከላይ ጠንካራ መስሎ እንደ ራሰ ካርቶን ሊላቀቅ ይችላል። በዚያ ላይ የታሪኩ ግማሽ ያለው በዙሪያው ባለው አፈር ውስጥ ነው። የተገኘው ውሃው ባመጣው ልል አሸዋ ውስጥ ነው? ወይስ ከሥር ባለው ጠጣር ንብርብር ውስጥ? አሸዋው ውስጥ ከሆነ ከዳገቱ ተንዶ ወይም በጎርፍ ተገፍቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ንብርብሩ ውስጥ ተቀብሮ ከነበረ ግን ስለ ዕድሜው ንብርብሩ ራሱ ብዙ ይናገራል። አንዴ ተነቅሎ ከወጣ በኋላ ይህን በእርግጠኝነት የሚመልስ አይገኝም።

መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። አንዱ ከራቅ ብሎ ምንጩን በሙሉ የሚያሳይ፣ ሌሎቹ ከቅርብ ይሁኑ። ከጎኑ ማስመሪያ፣ ከሌለም እስክሪብቶ አስቀምጡ። የስልኩን ሎኬሽን አብሩ። ከመሬት ወለል ስንት ሜትር ዝቅ ብሎ እንደተገኘ ለኩ። ሥራው የማይቆም ሆኖ የግድ መውጣት ካለበት፣ ከሥሩ ሳንቃ አስገብታችሁ ከነአፈሩ አንሱት።

አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። በኦሞ ይታሻል፣ በረኪና ይፈስበታል፣ ከዚያ ቆርቆሮ ላይ ይሰጣል። የዝሆን ጥርስ የሚያድገው በንብርብር ነው። ውሃ የጠገበ ጥርስ ፀሐይ ሲመታው የውጩ ንብርብር ከውስጡ ቀድሞ ይኮማተራል። ያኔ ቀለበት ቀለበቱን ተከትሎ ይሰነጠቃል፣ በቅርፊት በቅርፊት ይነሳል።

በዚያው ምንጭ ውሃ በራሰ ጨርቅ ጠቅልሉት። በላስቲክ ሸፍናችሁ ጥላ ውስጥ አኑሩት። የተሰነጠቀውን ለማጠንከር ተብሎ ቫርኒሽ፣ ኮላ ወይም ሱፐር ግሉ መቀባት የለበትም። ጥርሱ ውስጥ ኦርጋኒክ ነገር ከቀረ ዕድሜውን በራዲዮካርበን መለካት ይቻላል፤ ዘዴው እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ድረስ ይሠራል። ሙጫ የገባበት ናሙና ግን የተበከለ ናሙና ነው።

«ጥቁር ነው፣ ስለዚህ ጥንታዊ ነው»

ቀለም የዕድሜ ምስክር አይሆንም። ብረት ያለበት ውሃ አጥንትን ቡናማ ያደርገዋል፤ ማንጋኒዝ ያጠቁረዋል። የቅርብ ዘመን በሬ አጥንትም ጭቃ ውስጥ ከቆየ ይጠቁራል። ክብደትም እንደዚሁ ያሳስታል፤ ማዕድን የገባበት ቅሪተ አካል ይከብዳል፣ ውሃ የጠገበ ተራ አጥንትም ይከብዳል።

ሰማያዊ ነጠብጣብ ካያችሁ ግን አትፋቁት። ቪቪያናይት የሚባል የብረት ፎስፌት ማዕድን ሊሆን ይችላል። አየር በማያገኝ እርጥብ አፈር ውስጥ አጥንትና ጥርስ ላይ ይፈጠራል። መቀበሩን ይጠቁማል እንጂ ለስንት ዓመት እንደተቀበረ አይናገርም።

ከቅርጹ ብቻ መፍረድ

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ጠምዛዛና ሹል የሆነ ሁሉ የዝሆን አይደለምና።

በእኛ አካባቢ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ጉማሬ ነው። ቦዬ ረግረግ በጉማሬ ይታወቃል፤ ጊቤም የጉማሬ ወንዝ ነው። የጉማሬ የታችኛው ክራንቻ ግማሽ ክብ እስኪመስል ይቆለመማል። የተሰበረውን ፊት ስታዩት ክብ አይደለም፤ ወደ ሦስት ማዕዘን ይጠጋል። በውጭ በኩል ወፍራም ኢናሜል፣ ማለትም ጠንካራው የጥርስ ሽፋን፣ አለው። በርዝመቱ የተሰመሩትን ሽንተረሮች ጣታችሁን ስታሳልፉባቸው ይታወቃችኋል። ጫፉ ደግሞ በሰያፍ ተቆርጦ የተወለወለ ይመስላል፤ ጉማሬው አፉን በከፈተና በዘጋ ቁጥር የላይኛው ክራንቻ ስለሚሞርደው ነው። ያንን ሰያፍ ፊት ካገኛችሁ ዝሆኑን እርሱት።

የከርከሮ ክራንቻ አነስ ይላል፤ ጠፍጠፍ ብሎ በርዝመቱ ቦይ አለው። የከብት ቀንድ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል፤ እሱም ይጠመዛል፣ እሱም ከሥሩ ባዶ ነው። ዋንጫ የሚሠራበት የውጩ ክፍል ጥፍርና ጸጉር የተሠሩበት ዓይነት ነገር ስለሆነ ሲያረጅ በስሱ ይላጣል። እሱ በስብሶ ሲያልቅ የሚቀረው የውስጡ አጥንት ነው፤ ያም ቀዳዳ የበዛበትና ቀለል ያለ ነው።

ሌላው አታላይ ሥር ነው። ብረት ያዘለ የምንጭ ውሃ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ብረቱ በዛፍ ሥር ዙሪያ ይጋገራል። እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ጠንካራው ቅርፊት ይቀራል። ቅርጹ ቁርጥ ጥርስ ነው። ውስጡን በባትሪ እዩት። የሥር ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር ይዘልቃል። የዝሆን ጥርስ ባዶ ክፍል ግን ከሥሩ ሰፍቶ ይጀምርና ወደ ጫፉ እየጠበበ ሄዶ ይደፈናል።

የዝሆን ጥርስ ዋናው ምልክት ያለው በአግድም የተሰበረው ፊት ላይ ነው። ክብ ወይም ሞላላ ነው፤ ዙሪያውን ኢናሜል አይለብስም። በአጉሊ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ፣ ከጎን ብርሃን አብርታችሁ ተመልከቱ። ከሁለት አቅጣጫ የሚመጡ ቅስት መስመሮች ይጠላለፋሉ፤ በመሀላቸው ጥቃቅን የዳይመንድ ቅርጾች ይፈጠራሉ። የሽሬገር መስመሮች ይባላሉ። አጥንትም ቀንድም የጉማሬ ጥርስም ይህ ጥልፍልፍ የላቸውም። ይህን ለማየት ብላችሁ ግን መጋዝ እንዳታነሱ። ቀድሞ የተሰበረ ጫፍ ወይም የተነሳ ስባሪ ይበቃል። ስባሪውንም አትጣሉት።

ከማሞዝ ፎቶ ጋር ማመሳሰል

ኢንተርኔት ላይ «የጥርስ ቅሪተ አካል» ብላችሁ ስትፈልጉ የሚሞላው የሳይቤሪያና የአሜሪካ ማሞዝ፣ ዘሩ የጠፋው የዝሆን ዘመድ፣ ነው። ጸጉራሙ ማሞዝ ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። የሽሬገር መስመሮች የሚቋረጡበት ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ካነሰ ማሞዝ፣ ከ115 ከበለጠ የዛሬ ዝሆን የሚለው መለኪያም የወጣው እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ነው። የአፍሪካ ጥንታዊ ዝሆኖች ብዙ ዓይነት ነበሩ፤ በዚህ ብቻ አይለዩም።

«ዝሆን ከሆነማ ቅሪተ አካል ነው»

ይሄም አያስኬድም። ከጅማ በስተደቡብ ባለው ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ዛሬም ዝሆን አለ። በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ደግሞ የዝሆን ጥርስ በሂርማታ ገበያ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ስለዚህ ምንጭ አጠገብ የወጣ ጥርስ የ100 ወይም የ150 ዓመት ታሪክ ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን ለጅማ ትልቅ ነገር ነው።

በእሳት፣ በአቼቶ፣ በምላስ መሞከር

የጋለ መርፌ ጠባሳ ይተዋል። አቼቶ ጥርሱን ራሱን ይበላል። «አጥንት ምላስ ላይ ይጣበቃል» የሚለውም አይረዳም፤ ደረቅ ሸክላም ይጣበቃል። ያልታከመ የምንጭ ውሃ የነካውን መላስ ደግሞ ለሆድ አይበጅም።

«እዚህ አገር ቅሪተ አካል የለም፣ ያለው አፋር ነው»

ይህን የሚሉ የተማሩ ሰዎችም አሉ። እውነት ነው፣ የጅማ አብዛኛው መሬት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ደግሞ አጥንት አያስቀምጥም። በሁለት ፍሰቶች መካከል ግን ሐይቅና ረግረግ የነበረባቸው ዘመናት አሉ። በጅማ ዞን ያለው የድልቢና ሞዬ የድንጋይ ከሰል የተፈጠረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ጎንደር አካባቢ ያለው ጭልጋም ተመሳሳይ መሬት ነው። እዚያ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖሩ የዝሆን ዘመዶች ተገኝተዋል፤ አንዱም በቦታው ስም ችልጋቴሪየም ተብሏል። ስለዚህ ማንም ሳያየው «አይሆንም» ሲላችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ።

ደብቆ ገዢ መፈለግ

የዝሆን ጥርስ ንግድ ክልክል ነው። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች። ቅሪተ አካል ከሆነ ደግሞ የቅርስ ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እንዲጠብቅ ያዛል።

ወደ ወረዳው ወይም ወደ ዞኑ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ጉማሬ ወይም ከርከሮ መሆኑን ለመለየት የጅማ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህራንም ሊያዩት ይችላሉ። ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ አዲስ አበባ ለቅርስ ባለሥልጣን ይላካል። ዕቃውን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ፎቶዎቹን አሳዩ። አንድ ወረቀት ላይ የምንጩን ስም፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን፣ ጥልቀቱን፣ የአፈሩን ዓይነት፣ በውጭ ቅስቱ በኩል የተለካውን ርዝመትና የሥሩን ዙሪያ መጠን ጻፉ። ወረቀቱን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አንዱን ቅጂ አስቀሩ፤ ዕቃውን ስታስረክቡም የተረካቢውን ስምና ፊርማ ያዙ።