የዓይን ቆብ የውበት ቀዶ ሕክምና፦ ከምርመራው እስከ ማገገሚያው

ጎንደር ውስጥ «የዓይን ቆብ ኦፕራሲዮን» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ትራኮማን ነው፤ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይንን የሚፍቀውን የሽፋሽፍት ፀጉር ለማቃናት የሚደረገው ሕክምና በአማራ ክልል ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ ኖሯልና። እዚህ የምንመለከተው ግን ከዚያ የተለየ ነው፤ ከዕድሜ ጋር ላልቶ በላይኛው ቆብ ላይ የሚንጠለጠለውን ቆዳ፣ ወይም ከታችኛው ቆብ ሥር ከረጢት መስሎ የሚወጣውን ስብ ለማስተካከል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው። ዓይኑን ፀጉር የሚወጋው ሰው ስለ ውበት ከማሰቡ በፊት ያንኑ መታከም ይኖርበታል።

በመጀመሪያ፦ የሚያስቸግረው ምን እንደሆነ ይለዩ

መስታወት ፊት ቆመው ቅንድብዎን በጣት ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንሡ። የቆቡ እጥፋት አብሮ ከጠፋ፣ የወረደው ቅንድብዎ ሊሆን ስለሚችል የቆቡን ቆዳ መቁረጥ ብቻውን የሚፈልጉትን ውጤት አይሰጥም። ቆዳው ሳይሆን የቆቡ ጠርዝ ራሱ ወርዶ ብሌኑን የሚሸፍን ከሆነ ደግሞ ችግሩ ያለው ቆቡን ወደ ላይ በሚያነሣው ጡንቻ ላይ ነው፤ ይህም ሌላ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። አንዱ ቆብ በድንገት ከወደቀ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየዎት፣ ወይም ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ማታ የሚከብድ ከሆነ ጉዳዩ የነርቭ ወይም የጡንቻ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ይመርመሩ። በዓይን ዙሪያ ያለ ጥቁረትና በሣቅ ጊዜ የሚታይ የጎን መስመር በዚህ ሕክምና አይጠፉም፤ ብዙ ቅሬታ የሚነሣውም ይህን አስቀድሞ ካለማወቅ ይመስለኛል።

ሁለተኛ፦ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ

ቀዶ ሕክምናው የትም ቢደረግ የመጀመሪያው ምርመራ እዚሁ ሊደረግ ይችላል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው። ሐኪሙ የእይታዎን መጠንና የእንባዎን ብዛት ይለካል፤ ድሮውንም የሚደርቅ ዓይን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ይብሳልና። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የእንቅርት ሕመም ካለብዎት አይደብቁ፤ የእንቅርት ሕመም ራሱ ቆብን ሊያሳብጥና ዓይንን ወደ ውጭ ሊገፋ ይችላል። ከአሥር ዓመት በፊት የተነሡት ፎቶግራፍ ካለ ይዘው ይሂዱ፤ ምን እንደተለወጠ ከብዙ ቃል ይልቅ እሱ ያስረዳል።

እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች የደም መፍሰስን ስለሚያባብሱ ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንዲቆሙ ይደረጋል። ሆኖም ለልብ ወይም ለደም መርጋት የታዘዘልዎትን ያለ ሐኪም ፈቃድ ፈጽሞ አያቋርጡ።

ሦስተኛ፦ ቀኑን ሲቆርጡ የቀን መቁጠሪያ ይመልከቱ

ለጎንደር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጥር 11 በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ውኃው ሲረጭ ስፌት ያለበትን ዓይን ይዞ ከሕዝቡ መካከል መቆም አይቻልም። በሰሙነ ሕማማትም ስግደት ስላለ፣ ደም ወደ ፊት የሚያወርድ ማጎንበስ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ያህል ስለሚከለከል፣ ሁለቱን አለማጋጨት ይሻላል። አዲስ አበባ ሄደው የሚታከሙ ከሆነ ስፌቱ እስኪወጣ እዚያው የሚቆዩበትን ቤት አስቀድመው ያመቻቹ።

አራተኛ፦ የቀዶ ሕክምናው ዕለት

ኩልም ሆነ ማንኛውንም መዋቢያ አጥበው፣ ወደ ቤት የሚመልስዎትን ሰው አስከትለው ይሂዱ። የላይኛው ቆብ ብዙውን ጊዜ በአካባቢ ማደንዘዣ ይሠራል፤ መርፌው ለአፍታ ያቃጥላል፤ ከዚያ በኋላ መነካካት እንጂ ሕመም አይሰማም። ሐኪሙ የሚወጣውን ቆዳ አስቀድሞ በቀለም ያሰምራል፤ ከመጠን በላይ ከተቆረጠ ዓይን አልከደን ስለሚል፣ ጥሩ ሐኪም ከማብዛት ይልቅ ማሳነስን ይመርጣል። ጠባሳው በቆቡ ተፈጥሯዊ እጥፋት ውስጥ ይደበቃል። ለታችኛው ቆብ የሚቆረጠው ቦታ ከሽፋሽፍቱ ሥር ወይም በቆቡ የውስጥ ገጽ በኩል ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ፊትዎ ከጠበቁት በላይ ያብጣል፤ ይበልዛልም፤ አይደንግጡ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለአጭር ጊዜ እየደጋገሙ ያስቀምጡ፤ በረዶን በቀጥታ ቆዳ ላይ አያድርጉ። ትራስ ደራርበው በጀርባዎ ይተኙ። የምድጃ ጭስ፣ የዕጣን ጭስና የመንገድ አቧራ ዓይንን ስለሚቆጠቁጡ፣ እንጀራ መጋገርና ቡና ማፍላት ለዚያ ሰሞን ለሌላ ሰው ይሰጡ። ሐኪሙ ሳይፈቅድ ውኃም ሆነ ጠበል ቁስሉን እንዳይነካው ይጠንቀቁ። የማይሟሟ ስፌት ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። የደጋው ፀሐይ ብርቱ ስለሆነ ሲወጡ ጥቁር መነጽርና ባርኔጣ ያድርጉ። ብልዙ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ይለቃል፤ የጠባሳው መስመር ግን እስኪደበዝዝ ወራት ይወስዳል፤ ሁለቱ ዓይኖችም ድሮውንም ፍጹም እኩል ስላልነበሩ ከዚያ በኋላም እኩል አይሆኑም።

እስከ ነገ የማይቆይ ምልክት

አንዱ ዓይን በድንገት በኃይል ከታመመ፣ ከተወጠረ፣ ወደ ውጭ ከተገፋ ወይም እይታው ከቀነሰ፣ ከዓይን ኳስ ጀርባ ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ይህ እምብዛም የማይከሰት ቢሆንም በሰዓታት ውስጥ ብርሃንን ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን ማስታገሻ ውጠው ሳይተኙ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።