ተማሪንና ሠራተኛን ስንመዝን የምንፈጽማቸው ስህተቶች

በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የፈተና ውጤት በሚነገርበት ሰሞን በየቤቱ የሚሰማው ፍርድ አጭር ነው፤ ያለፈው ጎበዝ፣ የወደቀው ሰነፍ ይባላል። በመሥሪያ ቤትም የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሲሞላ ይኸው ፍርድ በነጥብ ተለውጦ በሠራተኛው ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። የግል ጥረት ዋጋ እንዳለው አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ጥረቱ የሚያፈራው ቤተሰብ፣ ሰፈር፣ ጓደኛ፣ ልማድና አለቃ በፈጠሩለት ሁኔታ ውስጥ ነው። ይህን ሳያዩ የሚሰጥ ፍርድ ወላጅን፣ መምህርንና የሥራ ኃላፊን ወደ ተሳሳተ ውሳኔ ይመራል። ከእነዚህ ስህተቶች ብዙ ጉዳት የሚያደርሱ የሚመስሉኝን በየተራ አቀርባለሁ።

ውጤትን የችሎታ ልክ አድርጎ መውሰድ

ከደምቢያ፣ ከጭልጋ ወይም ከላይ አርማጭሆ የገጠር ቀበሌ ወጥቶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በከተማ የሚከታተል ተማሪ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሦስት የአገሩ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ስንቁን የሚያመጣው ከቤቱ ነው፤ እንጀራው ሲሻግት፣ ሽሮውና በርበሬው ሲያልቅ ቅዳሜን ጠብቆ ወደ አገሩ ይሄዳል፣ ወይም ስንቅ የሚያደርስለት መንገደኛ ይጠብቃል። ወጡን የሚሠራው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ ልብሱን የሚያጥበው ራሱ ነው። የሰሊጥ አጨዳ በሚደርስበት ወቅት ደግሞ ለቤት ኪራይና ለደብተር የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሚወርዱ ልጆች አሉ። ሲመለሱ ትምህርቱ ጥሏቸው ሄዷል፤ አንዳንዶቹም ወባ ወይም ካላዛር ይዟቸው ይመለሳሉ። እንዲህ ያለ ተማሪ፣ የተማሩ ወላጆችና የራሱ የጥናት ጠረጴዛ ካለው የከተማ ልጅ ጋር በአንድ ዓይነት ወረቀት ተፈትኖ ያመጣው ነጥብ በዚያ ቀን ምን ያህል እንዳወቀ ይናገር ይሆናል፤ ምን ያህል ማወቅ እንደሚችል ግን አይናገርም።

በአሜሪካ በጄምስ ኮልማን መሪነት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ሰፊ ጥናት፣ በተማሪዎች ውጤት መካከል ለሚታየው ልዩነት የቤተሰብ ሁኔታ ከትምህርት ቤቱ ሕንፃና ቁሳቁስ የበለጠ ድርሻ እንዳለው አመልክቶ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ትምህርት ቤት ለውጥ አያመጣም ማለት ግን ሌላ ስህተት ነው፤ በቤቱ የሚያስጠናው የሌለው ልጅ መምህሩን የሚፈልገው ከማንም በላይ ነውና። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን ያህል ወጣት በአንድ ጊዜ ሰነፍ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው። በክልላችን በጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸውን ልጆች ስናስብ ፍርዱ ይበልጥ ሚዛን ያጣል። የክፍል ኃላፊ መምህር በዓመቱ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ መቼ እንደሚያጠናና በየትኛው ወር እንደሚቀር ጠይቆ ቢመዘግብ ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

ገንዘብ ቆጥሮ ጊዜን አለመቁጠር

«ዩኒፎርም ገዛን፣ ደብተር አሟላን፤ ታዲያ ምን ጎደላት?» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። የጎደላት ጊዜ ነው። ወንድሟ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ደብተሩን ሲገልጥ እርሷ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ታናናሾቿን ትይዛለች፤ ለጥናት የምትቀመጠው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። የቤተሰብ ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትን ቢጠይቅም ከዚያ በፊት የሽማግሌ ደጅ መጽናት የሚጀመርባት ልጅ ደግሞ የትምህርቷ መጨረሻ ቅርብ እንደሆነ ስለምታምን መጽሐፍ መግለጧም ይቀንሳል። የቤት ሥራን በወንድና በሴት ልጅ እኩል ማካፈል ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የአባትን ቆራጥነት ነው።

ዝምታን አለማወቅ አድርጎ መተርጎም

አንደኛ ደረጃን በአማርኛ የተማረ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። በዚያ ላይ ታላቅ ሲናገር ማቋረጥ ነውር እንደሆነ እየተነገረው አድጓል። ስለዚህ ያልገባውን አይጠይቅም፤ የገባውንም አይመልስም። መምህሩ ደካማ ነው ብሎ ሲያልፈው ልጁም በራሱ ላይ የተሰጠውን ፍርድ ይቀበላል። መፍትሔው ከእኛው ዘንድ አለ። ጎንደር በአታ በአቋቋም (በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ በሚቀርብ ዝማሬ) ትምህርቱ የታወቀ ደብር ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደግሞ የቆሎ ተማሪ የሚማረው ከመምህሩ ብቻ ሳይሆን የቀደመው የኋለኛውን እያስቀጸለ (ቃሉን እያስደገመ) ነው። በመምህር ፊት አፉ የሚያያዝ ልጅ በጓደኛው ፊት ይናገራል። በአነስተኛ ቡድን ማስጠናት ለእኛ እንግዳ ዘዴ አይደለም።

ይኸው ዝምታ ከተማሪው ጋር ተመርቆ ወደ መሥሪያ ቤት ይገባል። በስብሰባ ላይ «አስተያየት ካላችሁ» ሲባል ሁሉም አንገቱን ይደፋል፤ ኃላፊውም ስምምነት አለ ብሎ ቃለ ጉባኤውን ይዘጋል። የሐርቫርዷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታል የሥራ ቡድኖች ላይ ባደረገችው ጥናት፣ በጎ አመራር ያላቸው ቡድኖች ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ የመድኃኒት ስህተት ሪፖርት ሲያደርጉ አገኘች፤ ምክንያቱም አባሎቻቸው ሳይፈሩ ስለስህተታቸው ይናገሩ ነበር። ነርሷ የመድኃኒቱ መጠን እንደተሳሳተ አይታ ሐኪሙን አክብራ ዝም ብትል የሚጎዳው በሽተኛው ነው። ስለዚህ ኃላፊ አስተያየት ሲጠይቅ ከዝቅተኛው ሠራተኛ ቢጀምር፣ የራሱን ሐሳብ በመጨረሻ ቢናገር፣ ችግር የነገረውን ሰው በሰው ፊት ቢያመሰግን የብዙ ሠራተኞችን ትክክለኛ አቅም ያያል።

ሙያን በክብሩ ብቻ መምረጥ

ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ ስለተመሠረተ በከተማችን የነጭ ጋውን ክብር ሥር የሰደደ ነው፤ ይህም የሚያኮራ ታሪክ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ወላጅ የልጁን ዝንባሌ ሳይመለከት ሐኪም ካልሆነ ሰው እንዳልሆነ አድርጎ ሲነግረው ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ለእጅ ሥራ ያለን ንቀት ነው። ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን በስድብ ስም ስንጠራ የኖርን ሰዎች፣ ዛሬ ልጆቻችን ወደ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሲመደቡ እንደተቀጡ ለምን እንደሚሰማቸው ልንደነቅ አይገባም። በፋሲል ግቢ ድንጋይን በኖራ ያያያዘውም የእጅ ባለሙያ ነበር።

በቅርብ ዘመድ ብቻ ሥራ መፈለግ

ተመራቂው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ አጎቱ ነው፤ አጎቱ ግን የሚያውቀው ቤተሰቡ የሚያውቀውን ያንኑ ሥራ ነው። የሥነ ማኅበረሰብ ተመራማሪው ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው አዲስ የሥራ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሩቅ ትውውቅ ነው። ለተግባር ልምምድ የወጣችሁበትን ድርጅት ኃላፊ፣ በሌላ ከተማ ሥራ የያዘውን የዶርም ጓደኛችሁንና የቀድሞ መምህራችሁን አትርሱ። በዝምድና ብቻ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት ዘመድ የሌለውን ጎበዝ እንደሚያጣም ቀጣሪዎች ሊያስቡበት ይገባል።

የወለደችን ሠራተኛ እንደ ደከመች መቁጠር

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከክፍያ ጋር ይሰጣል፤ ለአባት የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው። ይህ ልዩነት በራሱ የሕፃኑ ሸክም በማን ላይ እንደሚወድቅ ያሳያል። ሠራተኛዋ ከፈቃድ ስትመለስ ሥራዋ ተከምሮ ይጠብቃታል፤ ልጇን የምትተውበት ስፍራ የላትም፤ ጡት ለማጥባት ስትወጣም ጉምጉምታ ይሰማል። በምዘናው ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ከሠራው ባልደረባዋ ጋር በአንድ ዕቅድ ትለካለች። ኃላፊው ማድረግ ያለበት ፈቃዱ ሳይጀምር ሥራውን ለሌሎች በጽሑፍ ማከፋፈል፣ የሕፃን ማቆያ እስኪገኝ የመግቢያ ሰዓቷን ከእርሷ ጋር መመካከር፣ ዕቅዷንም በሥራ ላይ በነበረችባቸው ወራት ልክ አስተካክሎ ነጥቡን ከዚያ በኋላ መሙላት ነው።